ሙቀት የሚጠጣው ፎቅ

መሐንዲሷ ያንን ሕንፃ በሁለት መልክ ነበር የምታውቀው። አንደኛው መንገድ ዳር የቆመው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወቱ ዓይን የሚያጭበረብረው ነው። ሌላኛውን ራሷ በኮምፒውተሯ ውስጥ ግድግዳ በግድግዳ፣ መስኮት በመስኮት፣ ቱቦ በቱቦ ሠርታዋለች። እንጀራዋ ይኸው ነው፤ አንድ ሕንፃ ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ምን ያህል እንደሚበርድ፣ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ በሞዴል ታሳያለች። ልብስ ሰፊ እናቷ ለጎረቤት «ልጄ እኮ ሞዴል ናት» ብላ ስትኩራራ፣ ጎረቤቶቹ ከላይ እስከ ታች ያዩዋትና «ታዲያ ፎቶሽ የት ነው የሚለጠፈው?» ይሏታል። እሷም ነገር ላለማንዛዛት «ገና ነው» ብላ ታልፋለች።

የዚህ ሕንፃ ማቀዝቀዣ እንደ ተራው ኤሲ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚተፋ አልነበረም። በየፎቁ ያለው ማሽን ክፍሎቹ በፈለጉት ልክ ጋዙን እያበዛና እያሳነሰ ሙቀታቸውን ይሰበስብና በሕንፃው ሆድ ውስጥ ለሚዞረው ውሃ ያስረክባል። ውሃው ሸክሙን ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ እዚያ በርዶ ይመለሳል። አንዱ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በርዶት ማሞቂያ ከከፈተ ደግሞ፣ ማሽኑ ከዚያው ውሃ ሙቀት ይመዝለታል። ስለዚህ ውሃው ሲመለስ የቤቱን ሁሉ ወሬ ይዞ ነው፤ ማን እንደሞቀው፣ ማን እንደበረደው።

ችግሩ የውሃው ወሬ ከእሷ ወሬ ጋር አልገጥም ማለቱ ነበር።

አስፋልቱ በሚቀልጥበት በዚያ የሐሩር ወር፣ ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ተቀምጦ፣ ውሃው ሞዴሏ ከሚለው በታች ቀዝቅዞ ይመለሳል። ፓምፑን ፈተሸች። ሴንሰሩን አስለወጠች። የቱቦውን ሽፋን በእጇ ዳሰሰች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነባት። ሌሎቹ ፎቆች የየራሳቸው ቆጣሪ ስላላቸው ከጥርጣሬ ነፃ ወጡ። የቀረው ቆጣሪ የሌለው፣ የሰው ሊፍት የማይቆምበት፣ ወረቀቱ ላይ «ባዶ» ተብሎ የተጻፈው የመጨረሻው ፎቅ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከራሷ ጋር እየቀለደች፣ ሞዴሉ ውስጥ እዚያ ፎቅ ላይ አንድ ሰው አስቀመጠች። ማሞቂያም ከፈተችለት። በዚያ ሐሩር!

ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች፣ የእሷና የውሃው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

ከዚያ ወዲያ መተው አቃታት። ሰውየውን መስኮት ዳር ስታደርገው መስመሮቹ ትንሽ ይለያያሉ፤ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ስታስጠጋው ይገጥማሉ። ሙቀቱን ከፍ፣ ዝቅ ታደርጋለች። ማለዳ ላይ ብርዱ እንደሚብስበት፣ ቀትር ላይ በር እንደሚከፈትለት፣ ሲመሽ እንደሚረጋጋ ለየች። ፊቱን የማታውቀውን ሰው ብርዱን አወቀችለት። የሥራ ባልደረቦቿ በላብ ተጠምቀው ሳለ እሷ ያንን ፎቅ በከፈተች ቁጥር ማጅራቷ ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ትደርባለች። አንድ ሁለቴም ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አይታለች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልቧ የራሷ አልነበረም።

የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ የባለ ሕንፃው አንድያ ልጅ ነው። የተዋወቁት ምድር ቤት፣ የማሽን ክፍል ውስጥ፣ እሱ ባትሪ ሲያበራላት እሷ የቱቦ ስፋት ስትለካ ነበር። ብዙ አይናገርም። ባትሪውን ግን ሳትጠይቀው ልታይ ወደምትፈልገው ቦታ ያዞርላታል። «ዝምታዬ» ትለው ጀመር፤ እሱም ስሙን ወደደው። ለአባቱ ሲናገር ሽማግሌው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «የልብስ ሰፊያችንን ልጅ? ሰው አጣህ?» ነበር ያለው። እናቷ ለዚያ ቤት እመቤት ዓመታት ሰፍታለች፤ እመቤቲቱ ታመው ለሕክምና ውጭ አገር ሄዱ ከተባለ ወዲህ የጠራት የለም።

«አባዬ ይለምደዋል» ይላት ነበር ዝምታዬ። በቅርቡ ግን እሱም መሸሽ አመጣ። እጇን ይይዝና ጣቷን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያያታል፤ መኪና ላይ አሳፍሮ እንደሚሸኛት ሰው። ስትጠይቀው «ደክሞኝ ነው» ይላል።

ከዚያ አንድ ቀን በዕቃ ማመላለሻው ሊፍት ሲገባ አየችው። ክንዱ ላይ ቀይ የሴት ሹራብ፣ በእጁ የሴት ነጠላ ጫማ ይዟል። በሩ ተዘጋ። መብራቱ ፎቅ በፎቅ ወጣ፣ ወጣ፤ ባዶ የተባለው ላይ ቆመ።

ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም ይባላል። ቅናት ግን ከሁለቱም ይብሳል።

ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች። ሳትቀመጥ «ላይኛው ፎቅ ላይ ማን አለ?» አለችው።

«ማንም የለም።»

«ውሃው ግን ሰው አለ ይላል።»

«ውሃ አፍ የለው።»

«አንተ አፍ አለህ አይደል? ንገረኛ!»

ብዕሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለሽ ጻፊና ሥራውን ጨርሺው። ልዩነቱ ካልተፈታ የምስክር ወረቀቱ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ ፎቅ በፎቅ ነው የሚገቡት። እባክሽ።»

አባቱ ለሕንፃው «ኃይል ቆጣቢ» የሚል ምስክር ወረቀት ጠይቋል። የእሷ ሪፖርት የሚያስፈልገው ለዚያ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ወረቀት አልነበረም የምታስበው።

«እባክሽ ያልከኝ ለምስክር ወረቀቱ ነው ወይስ ለሴትዮዋ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «የቷ ሴትዮ?»

«ቀይ ሹራብ የምትለብሰው። በዚህ ሐሩር እየበረዳት ማሞቂያ የምትከፍትላት። እኔ ስለ እሷ ከአንተ በላይ ሳላውቅ አልቀርም! መቼ እንደምትነሳ፣ መቼ እንደሚበርዳት፣ የት እንደምትቀመጥ...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ምንህ ናት?»

እሱ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ዝምታው እፊቷ ሲነቅዝ አየችው።

«እወድሻለሁ» አላት በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። «የማልነግርሽም ለዚህ ነው።»

ወጥታ ሄደች። ከተሰደበች ይሻላት ነበር።

በማግሥቱ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን፣ በደረጃው ወጣች። የታችኞቹ ፎቆች በሰው ጫጫታ ይሞቃሉ፤ ከፍ እያለች ስትሄድ ጫጫታው ከእግሯ ሥር ቀረ። የቀትር ፀሐይ በደረጃው መስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሚሰማው የራሷ ኮቴና፣ ግድግዳው ውስጥ የሚወርደው ውሃ ድምፅ ብቻ ነው። ውሃው አብሯት የሚወጣ መሰላት።

ከበሩ ፊት ቆመች። ምልክት የለውም፤ ስም የለውም። መዳፏን በቀስታ አሳረፈችበት። ብረት ነው፤ በቀዘቀዘ ኮሪደር ውስጥ ያለ ብረት። እንደ ሰው ጀርባ ይሞቅ ነበር።

ከውስጥ የሴት ድምፅ ያጉተመትማል። ዘፈን አይደለም፤ ወሬም አይደለም። መሐንዲሷ ልትመለስ ዞረች። ከዚያ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ አንኳኳ።

«ዛሬማ ቶሎ በላሽ!» እያለ የከፈተው ዝምታዬ ነበር፤ ምሳ ልትበላ የወረደችው አስታማሚ መስላው። ሲያያት አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አልከለከላትም። አቅሙን የጨረሰ ሰው ሸክሙን እንደሚያወርድ፣ በሩን ለቀቀው።

ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቷ ላይ አረፈ። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፤ በጨርቁ አልፎ የገባው ብርሃን ክፍሉን የማር መልክ ሰጥቶታል። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የመድኃኒት ጠረጴዛ። መስኮቶቹ አጠገብ ግን ማንም አልነበረም። ከመስታወቱ ርቆ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት፣ አንድ ወንበር ተቀምጧል፤ ልክ እሷ በሞዴሏ ውስጥ ያስቀመጠችበት ቦታ። ወንበሩ ላይ ቀይ ሹራብ የለበሱ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ የደራረቡ ሴትዮ ግድግዳውን ያያሉ።

«እናቴ ናት» አለ ዝምታዬ ከኋላዋ። «ውጭ አገር አልሄደችም። የትም አልሄደችም።»

መሐንዲሷ ሐፍረትና እፎይታ ተደባልቀውባት አፏን ያዘች። ትናንት የቀናችባት ሴት ይቺ ናት?

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው የመሐንዲሷን ፊት ሲያገኝ በራ።

«መጣሽልኝ? ቀሚሴን አደረስሽው?»

ዝምታዬ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። «ማንንም አታውቅም እኮ» አለ በሹክሹክታ። «እኔን እንኳ ዶክተር ነው የምትለኝ።»

መሐንዲሷ ገባት። የእናቷን ፊት ነው የለበሰችው፤ ሰው ሁሉ «ቁርጥ እናትሽን» ይላታል። ሄዳ ተንበረከከች። አፏን ስትከፍት የእናቷ አነጋገር ወጣ።

«ገና ነው እትዬ። ልክዎትን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ልኬማ አለሽ!» ብለው ሳቁ፤ የወጣት ሳቅ። ግን ክንዳቸውን ዘረጉላት። መሐንዲሷ በስንዝሯ ትከሻቸውን ለካች፣ ክንዳቸውን ለካች። በዚያ ላብ በሚያዘንብ ክፍል ውስጥ ገላቸው ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ሥር ደረሱ።

«ከግድግዳው ውስጥ ስታይኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ?»

የመሐንዲሷ እጅ ባለበት ቀረ።

«ስታይኝ አይሻለሁ። ትንሽ ከፍ ታደርጊኛለሽ፣ ትንሽ ዝቅ ታደርጊኛለሽ። ከመስኮቱ አንስተሽ እዚህ ያስቀመጥሽኝ አንቺ ነሽ አይደል? እሰይ። እዚያማ ብርድ ነበር።»

መሐንዲሷ ወደ ዝምታዬ ዞረች። እሱም ነጭ ወረቀት መስሏል።

«መስኮት ዳር ነበር የምትቀመጠው፤ ሁልጊዜ» አለ። «በቅርቡ ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተነስታ ወንበሯን ራሷ ጎትታ ወደ ግድግዳው የዞረችው። ለምን እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም።»

ግድግዳው ውስጥ ውሃው ይሄዳል። መሐንዲሷ ሮጣ መውጣት ፈለገች። እግሯ ግን እዚያው ቀረ፤ ምክንያቱም አሮጊቷ ጣቷን ይዘው ነበር፤ አጥብቀው፣ ሕፃን እንደሚይዝ።

«ስለ እሷ ብቻ አይደለም የደበቅሁሽ» አለ ዝምታዬ፣ ወለሉ ላይ አጠገቧ እየተቀመጠ። «አያቴም እንዲሁ ነበረች፤ ሁለቱም ፀጉራቸው ሳይሸብት ነው የጀመራቸው። መጀመሪያ ቁልፍ ይጠፋል፤ ቀጥሎ መንገድ፤ ቀጥሎ ሰው። በእኔም ደም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ነገ ቁልፍ በጠፋኝ ቁጥር አብረሽኝ ልትንቀጠቀጪ ነው? እንደ አባቴ? ይህን ነገር ለምወዳት ሰው እንዴት ልስጥ?»

መልስ ሳትሰጠው በሩ ተከፈተ።

ባለ ሕንፃው ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ አድርጎ፣ በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ላስቲክ እንደ ሕፃን ታቅፏል። መሐንዲሷን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ማነው ያስገባት? ልጅ፣ ማነው ያስገባት ብዬሃለሁ!»

«አንተ ሾፌር!» አሉ አሮጊቷ፣ ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ እየተሰማ። «ምን ያስጮህሃል? መኪናውን አሞቅኸው? በብርድ ልትገድለኝ ነው?»

ሕንፃው ሁሉ ሲያልፍ ብድግ የሚልለት ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። አንገቱን ሰበር አደረገ።

«አሙቄዋለሁ እመቤቴ።»

ሄዶ ላስቲኩን ከእግራቸው ሥር አስቀመጠ፤ ብርድ ልብሱን አስተካከለ። እጁ ሥራውን ከመልመዱ የተነሳ ዓይኑ አያስፈልገውም ነበር። ሲነሳ ቁጣው የለም። ሐፍረቱ ብቻ ቀርቷል።

«አየሽ» አላት። «እንግዲህ አየሽ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለሽ ጻፊ፤ የፈለግሽውን አደርግልሻለሁ። ልጄንም ቢሆን...»

«አባዬ!» አለ ዝምታዬ።

«ሴንሰሩ ደህና ነው አባባ» አለች መሐንዲሷ። «ልጅዎንም ለውሸት ብለው አይስጡኝ።»

«ተቆጣጣሪዎቹ ገብተው እንዲያዩዋት ትፈልጊያለሽ? ጨካኙ እኔ መሰልኩሽ? ራሷ ናት ያስማለችኝ! እንግዶች ሞልተው፣ ከሰው ሳህን ላይ አንስታ በላች። አንዱ ሳቀ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ልቧ ተመለሰላትና እግሬ ላይ ወደቀች። 'ሲስቁብኝ አታሳየኝ፤ ሞተች በል፣ ሄደች በል፤ አታሳየኝ' አለችኝ። ማልኩላት። መሐላዬን ነው የጠበቅኩት!»

መሐንዲሷ የመጣችበት ንዴት የት እንደገባ አጣችው። ይህ ሰው እናቷን ከሥራ ያስቀረ፣ እሷንም የናቀ ሰው ነው። ደግሞም በየቀኑ ሾፌር እየሆነ የሚታዘዝ ሰው ነው።

«ያስማሉዎት ያኔ የነበሩት እትዬ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «እኚህኛዋን ግን ሰው ርቧቸዋል አባባ። ግድግዳ ውስጥ ሰው እስኪያዩ ድረስ ርቧቸዋል። ሪፖርቱ ላይ ፎቁ ባዶ ነው አልልም። ሰው ይኖርበታል ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላ አልጨምርም። ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይፈቀድለት ዘው አይልም።»

«ስሟንም እጨምርበታለሁ» አለ ዝምታዬ ተነስቶ። ያ ሁሉ ዘመን የታፈነ ድምፅ ሲወጣ ሻካራ ነበር። «እናቴ ናት። እዚህ ትኖራለች። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሰው ውጭ አገር ናት አልለውም፤ አንተም እንድትል አልፈልግም።»

ሽማግሌው አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። እሳቸው የመሐንዲሷን ጣቶች እየቆጠሩ ፈገግ ይላሉ።

«ስንት ዓመት» አለ ለራሱ፣ «ስንት ዓመት ስሜን እንድትጠራኝ ጠበቅሁ። ልብስ ሰፊዋን ጠራች።» ከዚያ ወደ መሐንዲሷ ሳያይ፦ «እናትሽ... አሁንም ትሰፋለች?»

«ትሰፋለች።»

«ትምጣልኝ በያት። እኔ ራሴ ልሂድና ልለምናት እንጂ... አዎ፣ እኔው ልሂድ።»

ባርኔጣውን ደፋ። «መኪናውን ልይ እመቤቴ» ብሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ፣ ከወዲያ በኩል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ያለ ሰው ታፍኖ የሚያለቅሰው ልቅሶ ተሰማ። ልጁ ሊወጣ አለና ተወው፤ አንዳንድ ልቅሶ ሰው አይፈልግም።

ሦስቱ ቀሩ። አሮጊቷ አንገታቸው ዘንበል እያለ መጣ፤ እንቅልፍ ሲወስዳቸውም የመሐንዲሷን እጅ አልለቀቁም። ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ግን በጣቶቻቸው በኩል እስከ ክንዷ ወጥቷል።

«አንቺንም ብረሳሽስ?» አላት ዝምታዬ።

«እንግዳ ሰው ሆኜ እመጣለኋ። አንዴ ሳታውቀኝ ወደኸኝ የለ?»

«ሁለተኛ ባልወድሽስ?»

አሰበችበት። ልትዋሸው ትችል ነበር።

«ያኔ አለቅሳለሁ» አለች። «አለቅስና ቀሚስ ልለካልህ እመጣለሁ።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ያን ያህል ጊዜ የሸሻት ሰውነት እንዴት ከባድ እንደሆነ ተሰማት። እንዲህ ሳሉ ቀና ብሎ አያት። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ዓይኑ ውስጥ ምንም አልነበረም። የማያውቃት ሰው ነው የሚያያት።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ምንም» አለ ፈገግ ብሎ። «እያየሁሽ ነበር።»

እያያት ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አላወቀችም። ከዛሬ ጀምሮ ዝም ባለ ቁጥር እንዲህ እንደምትፈራ ግን አወቀች፤ በየማለዳው፣ በየማዕዱ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት፣ ከሸበተም በኋላ። በግራ እጇ የአሮጊቷን ጣቶች እንደያዘች፣ በቀኟ እጁን ፈልጋ ያዘችው። እጁ ሞቃት ነበር። እየፈራች አጥብቃ ያዘችው።